ሞራ የተቀባችው ፒክአፕ

እኛ ሰዎች አምረን ስንወጣ የምናሳምረው የሚታየውን ነው። ጸጉራችንን እናበጥራለን፣ ኮሌታችንን እናስተካክላለን፣ ጫማችንን እንወለውላለን። ካልሲያችን ተረከዙ ጋ መበሳቱን የምናውቀው እኛና ጫማችን ብቻ ነን። መኪና ያለው ሰውም ከዚህ አይለይም። መስታወቱን በጋዜጣ ያሻል፣ ኮፈኑን ፊቱ እስኪታይበት ይወለውላል። ዝቅ ብሎ ሆዷን የሚያይላት ግን የለም። መኪና የምትሞተው ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ከሆዷ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ አስፋው ናቸው። በደርግ ጊዜ ደባርቅ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ እሳቸው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ፒክአፕ ሹፌር ሆነን እንሠራ ነበር። ፒክአፗ መሥሪያ ቤቱን ብቻ ሳይሆን አገሩን በሙሉ ታገለግላለች። የከብት ክትባት ትጭናለች፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ጤና ጣቢያ ታደርሳለች፣ ሙሽራም ሲለምኗት እምቢ አትልም። አንድ ክረምት ግን ለከብት የሚላስ ጨው ወደ መካነ ብርሃን በኩል፣ መንገዱ እስከፈቀደላት ድረስ፣ ስታመላልስ ከረመችና ጤናዋን አጣች። ዝናቡ ጨዉን ያሟሟል፣ ጨዉ በጭነቱ ወለል ቀዳዳዎች እያለፈ ይወርዳል፣ ከሥር ያለው ብረት ይጠጣዋል። ጥር ላይ ጋሽ አስፋው ከሥሯ ገብተው በካቻቢቴ ነካ ቢያደርጉት ዝገቱ ፊታቸው ላይ ረገፈ።

በዚያው ሰሞን ከጎንደር በሬዲዮ መልእክት መጣ። የመንግሥት መኪናዎችን የሚመረምሩ ጓድ ይመጣሉ፤ ሥሯ የዛገ መኪና ከሥራ ትወገዳለች። መኪና የሌለው ሹፌር ደግሞ የት እንደሚመደብ ያን ጊዜ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ወደ ግንባር የሚጭን መኪና መች ጠፍቶ! የጋሽ አስፋው ትንሿ ልጅ ገና ክርስትና አልተነሣችም። ለወትሮው ተረበኛ የነበሩት ሰውዬ ሲጠሯቸው የማይሰሙ ሆኑ።

የሽቦ ብሩሽ ይዘን ገባንበት። ዝገቱን ፍቀን ስንጨርስ መኪናዋን የተሸከመው አጥንት፣ ሻንሲው፣ ደህና ሆኖ አገኘነው፤ የተበላው ላይ ላዩ ነው። ግን እርቃኑን የቀረ ብረት በደባርቅ ጤዛ በሳምንቱ መልሶ ይዝጋል። መድኃኒቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነበር። ከየት ይምጣ? ዘይት በኮታ በሚታደልበት ዘመን የሞተር ዘይት እንኳን ሊደፋ፣ ሊቀየርም ወራት ይፈጅበታል። የተቃጠለችው ጥቂትም ብትሆን ቀድሞ የሚወስዳት ባለሥልጣን አላት፤ የቤቱን ምሰሶ ከምስጥ ይጠብቅባታል።

ከችግራችን ያወጡን አያ ፈንቴ ናቸው። አያ ፈንቴ የዳባት ገበሬ ናቸው፤ ፒክአፗ ስታልፍ ካዩ ሳይሳፈሩ አይቀሩም።

«እንዴዋ!» አሉ፣ ነገሩን ስናጫውታቸው። «እኛ ጠፍራችንን ዝናብ እንዳይበላው በምን የምናሸው ይመስላችኋል? በሞራ ነው እንጂ! ሞራ የጠጣ ጠፍር ሐምሌን አይፈራም።»

«ጠፍር ቆዳ ነው፣ አያ። ይሄ ብረት ነው» አሉ ጋሽ አስፋው።

«ውኃው ያው አንድ ውኃ አይደል፣ ጌታው?»

ጋሽ አስፋው ብሩሹን አስቀምጠው ድስት ፍለጋ ገቡ። ደግሞ ጊዜው አመቺ ነበር። ቅበላ ነው፤ ሁዳዴ ሳይገባ ያለው በግ፣ የሌለው ዶሮ የሚያርድበት ሰሞን። በጾሙ ዋዜማ ሞራ ቤት ውስጥ እንዲያድር የሚፈልግ ስለሌለ ሰፈሩ ሁሉ አምጥቶ ከመረልን። አቅልጠን፣ በጨርቅ እየነከርን፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ተጋድመን ስንቀባት ዋልን። የደባርቅ ብርድ ደግሞ ምን ይሳነዋል? በማግስቱ ሞራው ረግቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ በጥፍር ቢቧጭሩት የማይነሣ ሆነ። ጋሽ አስፋው መሳቅ ጀመሩ። እኔም ዓለም እንዲህ ቀላል ናት ለካ ብዬ ኮራሁ።

መርማሪው ጓድ ይርጋ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መጡ። ኮታቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ንግግራቸውም እንደዚያው። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ለአብዮታዊ ጓድ በጾም ሽሮ ማቅረብ ነገር ነው፤ «ይጾማሉ» ብሎ መጠርጠር ይመስላል። ስለዚህ ጥብስ አዘዙላቸው።

«ዳባት ላይ ቁርስ በልቻለሁ» አሉ ጓድ ይርጋ፣ ሳህኑን ሳያዩ።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። በሁዳዴ ጠዋት ዳባት ላይ ቁርስ የት እንደሚገኝ ቢነግሩኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሳህኑን ግን አንሥቼ ወደ ጓዳ መለስኩት።

ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብለው ሥሯን ቢያዩላት ኖሮ ጣጣችን ባለቀ። እሳቸው ግን «መጀመሪያ ፍሬኗን እንይ፤ ፍሬን የሚታወቀው ሊማሊሞ ላይ ነው» አሉ። መንገዱ ለአንድ ሰሞን ሰላም ሆኖ ስለነበር ሦስታችን ተሳፍረን ቁልቁል ተያያዝነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሊማሊሞን በወረዳችሁ ቁጥር ብርዱ ጋቢውን እያወለቀ ይቀራል፤ ዛሪማ ስትደርሱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ አንድ ሽታ ይከተለን ጀመር። ደስ የሚል፣ አፍን በምራቅ የሚሞላ፣ በሁዳዴ ግን የሚያስደነግጥ ሽታ። ሞራው ቀልጦ በጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ እየተጠበሰ ነበር።

ዛሪማ ገብተን ስንቆም የከተማው ውሻ በሙሉ ከበበን። አንዲት ጥላ ሥር የተቀመጡ አሮጊት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው አማተቡ።

«ምነው ልጆቼ፣ በሁዳዴ? በጠራራ ፀሐይ? እግዜር ይይላችሁ!»

ጋሽ አስፋው ፊታቸው አመድ መሰለ። ጓድ ይርጋ ኮታቸውን አውልቀው፣ ካቻቢቴያቸውን ይዘው፣ በጀርባቸው ተንሸራተው ከሥሯ ገቡ። እኔና ጋሽ አስፋው ውሻ እያባረርን እግራቸውን እናያለን። የሚታየን እግራቸው ብቻ ነበር። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«ይሄ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?»

ጋሽ አስፋው ውሸት አይችሉበትም። «ሞራ ነው፣ ጓድ። የቅበላ በግ ሞራ።»

እግሮቹ ተወራጩ። ጓድ ይርጋ ከገቡበት በሦስት እጥፍ ፍጥነት ወጡ። ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ዘግተዋል፤ አገጫቸው ላይ አንዲት ጠብታ ታበራለች። መሐረባቸውን አውጥተው ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ፣ ዘወር ብለው ተፉ፣ ከሸሚዛቸው ውስጥ አንድ ነገር በእጃቸው ዳበስ አደረጉ። ማተብ ነው ብዬ አልምልም። ቁልፍም ሊሆን ይችላል።

«ውኃ!» አሉ። ውኃው ሲመጣ አንዲት ጉንጭ ሳይውጡ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተፉት። ያን ጊዜ እኔና ጋሽ አስፋው ተያየን።

«ጓድ፣» አሉ ጋሽ አስፋው በለዘበ ድምፅ፣ «የኋላ ሻንሲውን ገና አላዩትም።»

ጓድ ይርጋ መኪናዋን አዩ፤ እኛን አዩ፤ አሮጊቷን አዩ። ከማርሚታው ላይ አንድ ጠብታ ቸስ አለ።

«በቂ ነው» አሉ። «ደህና ናት። ሥራዋን ትቀጥል።»

ጋሽ አስፋው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔንም አላስቻለኝም።

ሊማሊሞን መልሰን ወጣን። ደባርቅ ስንደርስ ጓድ ይርጋ ኃላፊውን ተሰናበቱና እኛን ወደ አጥሩ ጥግ ጠሩን። በቃ፣ ሐሳባቸውን ለወጡ አልኩ።

«ሞራው እንዴት ነው የሚቀባው? አቅልጣችሁ ነው?» አሉ።

«አዎ ጓድ፣ በጨርቅ። ምነው?»

«የእኔም መኪና ሥሯ አልቋል። የሚያያት አለቃችን በሚመጣው ሳምንት ከአዲስ አበባ ይመጣል።»

ጋሽ አስፋው እንደ ሐኪም አሰቡበት። «እኚህ አለቃዎ ለሥጋ እንዴት ናቸው?»

ጓድ ይርጋ ግራና ቀኙን ቃኙ።

«ሥጋማ ነፍሱ ነው» አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከፋሲካ በኋላ።»