ኪዮታካ አበባ ሊያሳየን መጣ

[ሂሮሳኪ፤ የድሮው ቤተ መንግሥት መናፈሻ፣ ረፋድ ላይ። የቼሪው አበባ በሙሉ ፈንድቶ ሕዝቡ ከዛፉ ሥር ሰማያዊ ሸራ አንጥፎ ይበላል፣ ይጠጣል። ኪዮታካ ሚስቱንና የአራት ዓመት ልጁን ኮቶኔን ይዞ ትናንት ከቶኪዮ ገብቷል። አሁን ስልኩን ወደ ቅርንጫፍ ደግኗል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ጌንኪቺ የአገሩ ፖም ገበሬ ነው፤ የምሳ ሳጥኑን ታቅፎ ቆሟል። ሚስትየው መጸዳጃ ቤት ሄዳለች። ኮቶኔ ቁጢጥ ብላ ጉንዳን ታያለች።]

ኪዮታካ፦ ሰማንያ ከመቶ ነው አልኩህ እኮ ጋሼ! ሰማንያ ከመቶው ከተከፈተ ሙሉ ፈነዳ ይባላል፤ አለቀ!

ጌንኪቺ፦ ሃያውስ?

ኪዮታካ፦ ሃያው አይቆጠርም።

ጌንኪቺ፦ ማነው የማይቆጥረው?

ኪዮታካ፦ ባለሙያዎቹ ናቸዋ!

ጌንኪቺ፦ አበባው ሰምቷል?

ኪዮታካ፦ ወይ ጣጣዬ! ስንት ዓመት ነው አንተ ከዛፍ ጋር የኖርከው?

ጌንኪቺ፦ ሃምሳ አንድ። የኔ ግን ፖም ነው። ፖም ካልቆጠሩት ጎረቤት ይቆጥረዋል።

ኮቶኔ፦ አባዬ!

ኪዮታካ፦ ቆይ የኔ ቆንጆ፣ ብርሃኑ ገና አሁን ተስተካከለ። ጋሼ፣ ጭንቅላትህን ከአበባው ላይ አንሳልኝ።

ጌንኪቺ፦ የት ላድርገው?

ኪዮታካ፦ ወደ ግራ! የኔን ግራ! እሱ ቀኝ ነው!

ኮቶኔ፦ አባዬ!

ኪዮታካ፦ ቆይ አልኩሽ እኮ። ስማኝ ጋሼ፤ የሰው ልጅ ይህን አበባ በዕድሜው የሚያየው ቢበዛ ሰማንያ ጊዜ ነው። ሰማንያ ብቻ! አስበኸው ታውቃለህ?

ጌንኪቺ፦ አላውቅም። አንተ እስካሁን ስንቴ አየኸው?

ኪዮታካ፦ ሠላሳ ዘጠኝ።

ጌንኪቺ፦ በዓይንህ?

ኪዮታካ፦ [ሳይሰማው] ልጅቷን እዚህ ድረስ ያመጣኋት ለዚህ ነው፤ በልቧ ይቀረጽ ብዬ! እሷስ ምን ታያለች? ጉንዳን!

ጌንኪቺ፦ ጉንዳኑ እኮ የረገፈ አበባ ተሸክሟል።

ኪዮታካ፦ ጉንዳን ቶኪዮም ሞልቷል። ለጉንዳን ብዬ የፈጣን ባቡር ትኬት አልቆርጥም!

ኮቶኔ፦ አባዬ!

[ኪዮታካ ወደ ኋላ እየተራመደ ፎቶ ያነሳል። ኮቶኔ ትነሣና ጉልበቷን አራግፋ፣ ሃያ እርምጃ ወደሚርቀው የጥበቃ ድንኳን ትሄዳለች።]

ጌንኪቺ፦ ሄደች እኮ።

ኪዮታካ፦ አውቃለሁ። የሴቶቹ መጸዳጃ ሰልፍ ደግሞ እስከ ድልድዩ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓትም አትመለስም።

ጌንኪቺ፦ ብቻዋን ትሂድ?

ኪዮታካ፦ ታዲያ አጃቢ እንቅጠርላት? ትልቅ ሰው እኮ ናት!

ጌንኪቺ፦ ለኔ ገና ትንሽ ነበር የምትመስለኝ።

ኪዮታካ፦ ወንድም አይደለህ! እህት መቼ አድጋላችሁ ታውቃለች።

ጌንኪቺ፦ ግድ የለም፣ እያየኋት ነው። ከጥበቃዋ ጋር ወሬ ጀምራለች።

ኪዮታካ፦ አዲስ ነገር ነገርከኝ! ሰው ካገኘች የቤት ገመናዋን ነው የምትዘረግፈው። ተዋት፣ አበባውን እይ!

ጌንኪቺ፦ ወንበር ላይ ወጣች።

ኪዮታካ፦ [ሳይዞር] ከፍ ብላ ልታነሳ ነዋ። ከኔ ተምራ ነው።

ጌንኪቺ፦ ብስኩት ሰጧት።

ኪዮታካ፦ ምሳ ሳትበላ? በኋላ ቀሚሱ አልገባኝ አለ ብላ እኔን ነው የምትቆጣው!

ድምፅ ማጉያ፦ ማስታወቂያ! አንድ ሰው ጠፍቷል። ወንድ ነው። ግራጫ ኮፍያ አድርጓል። ሲጠሩት አይሰማም። ያያችሁት ወደ ጥበቃ ድንኳን አምጡልን።

ኪዮታካ፦ ጉድ በል! የዘመኑን ቤተሰብ አየህልኝ? ምስኪን ሽማግሌ ጎትተው ያመጡና አበባ ላይ አፍጥጠው ይጥሉታል!

ጌንኪቺ፦ ሽማግሌ ነው አላሉም።

ኪዮታካ፦ ሲጠሩት የማይሰማ ሌላ ማን አለ? እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ማሰር ነበር!

ጌንኪቺ፦ ያንተ ኮፍያ ቀለሙ ምን ይባላል?

ኪዮታካ፦ የርግብ ቀለም። ግራጫ እንዳትለኝ፤ ሻጩ ለይቶ ነግሮኛል።

ጌንኪቺ፦ እኛ አገር ርግቡ ሁሉ ግራጫ ነው።

ድምፅ ማጉያ፦ የጠፋው ሰው ተጨማሪ ምልክት! ወደ ኋላ ይራመዳል። ስልክ ይዟል። የምትፈልገው ልጁ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው።

ኪዮታካ፦ [እየሳቀ] ወደ ኋላ የሚራመድ! አባት ሆኖ በአራት ዓመት ልጅ የሚፈለግ! እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ— [ሳቁ ይቆማል። መሬቱን ያያል፤ ጉንዳን ብቻ ነው ያለው።] ኮቶኔ? ጋሼ! ኮቶኔ የታለች?

ጌንኪቺ፦ ስነግርህ አልነበር? ወንበር ላይ ናት።

[ይሮጣል። ጌንኪቺ ሳጥኑን ታቅፎ በእርጋታ ይከተላል። ድንኳኑ ውስጥ ጥበቃዋ ወይዘሮ ናራኦካ መዝገብ ገልጠዋል። ኮቶኔ ብስኩቷን ትበላለች።]

ኪዮታካ፦ የጠፋችው ልጄ! ልጄን ስጡኝ!

ናራኦካ፦ የጠፋች ልጅ የለችም ጌታዬ። ይህች ያለችበትን ታውቃለች። የጠፋብን አባት ነው።

ኪዮታካ፦ እኔ ነኛ!

ናራኦካ፦ እኔ ነኝ ያለ ሁሉ ልጅ ይዞ አይሄድም። አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ አለ?

ኪዮታካ፦ ፎቶማ! ዛሬ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አራት አንስቻለሁ! [ስልኩ ላይ ፎቶዎቹን ያገላብጣል] ይኸው... አበባ ነው። ይሄም አበባ። ይሄ ቅርንጫፍ። ይሄ የጋሼ ጆሮ። አበባ... አበባ... ቆይ...

[ላቡን ይጠርጋል። ማንም አይረዳውም።]

ናራኦካ፦ እሺ፣ ካልሲዋ ምን ዓይነት ነው? ሳያዩ ይንገሩኝ።

ኪዮታካ፦ ካልሲ... ሮዝ? ሮዝ መሆን አለበት።

ጌንኪቺ፦ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ። ጠዋት ራሷ መርጣ ነው ያደረገችው።

ናራኦካ፦ [አጎንብሰው] የኔ እመቤት፣ የጠፋው ሰው ይሄ ነው?

ኮቶኔ፦ አዎ። ሦስቴ ጠራሁት፤ ቆይ ይላል እንጂ አይመጣም።

ናራኦካ፦ ትረከቢዋለሽ?

ኮቶኔ፦ [ከላይ እስከ ታች ታየዋለች] እሺ።

[በፊርማ ፋንታ መዝገቡ ላይ ትልቅ ክብ ትስላለች።]

ናራኦካ፦ የተገኘው፣ አንድ አባት። ተረካቢ፣ ኮቶኔ። ሲገኝ በምን ሁኔታ ላይ ነበር?

ጌንኪቺ፦ ምላሱ ደህና ነው። ዓይኑን ትንሽ አሞታል ብለው ይጻፉ።

ኪዮታካ፦ [በሹክሹክታ] ጋሼ በሞትኩት፣ ለእህትህ እንዳትነግርብኝ!

ጌንኪቺ፦ እኔ ምን እነግራታለሁ? መጸዳጃው ጋም ድምፅ ማጉያ አለ።

[ኪዮታካ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ኮቶኔ ከወንበሩ ትወርዳለች።]

ኮቶኔ፦ አባዬ፣ እጄን ያዝ። ሰው ብዙ ነው፤ ደግሞ ትጠፋለህ።