የሙራድ ፈጣን መኪና

መኪናውን ሲያፈጥን የሚኖር፣ ፈጥኖ ግን የማይደርስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤታችን ሙራድ እንዲህ ነው። ጣሪያዋ የሚከፈተውን ትንሽ መኪናውን ለፍጥነት ብሎ ዝቅ አስደረጋት፤ እንድታገሳም የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን አስቀየረ።

ባለፈው እሑድ የሚወዳትን ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቁለትን ጋሼ ሰይድን ከመሳለሚያ ወደ አማኑኤል ሊያደርሳቸው ተነሣ። መኪናዋ ከሁለት ሰው በላይ ስለማትይዝ እኔ በእግሬ አጀብኳቸው። በየጉብታው ሆዷ መሬት ስለሚነካ ጋሼ እየወረዱ ያሳልፏታል። ሶፋ የተሸከመ ወዛደር ቀደመንና፣ «ጋሼ፣ እርስዎንም ልደርብዎት?» አለ።

የልጅቷ አባት በር ላይ ጠበቁን።

«ድምፃችሁ ከደረሰ ቆየ፤ እናንተ የት ቀራችሁ?»

ሙራድ አቀረቀረ። በቃ፣ ልጅቷን አጣት አልኩ። አባትየው ግን መኪናዋን ዞረው አዩና ሳቁ።

«በዚህችማ ልጄን ሩቅ አይወስድብኝም። ሰጥቻለሁ!»