ባዶ እግሬን ያሳደገኝ ድረ ገጽ

ድሮ የሰው የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ከሞተ በኋላ ነበር። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አይመስለኝም። ባለ ታሪኩ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ «ይህቺ እንኳ ልክ አይደለችም» ብሎ አያቋርጥም። ለቀስተኛውም ፀሐይ ላይ ስለሚቆም ታሪኩ ቶሎ እንዲያልቅ እንጂ እውነት እንዲሆን አይመኝም። በዚህ ስምምነት ስንቱ ቆንቋና ቸር፣ ስንቱ ነገረኛ ሰው አክባሪ ሆኖ ተቀብሯል። ማን ተጎዳ? ማንም።

ዛሬ ግን የሕይወት ታሪክ በቁም ሆኗል። አንድ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ትንሽ ከቆየ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ፎቶ ይነሣና፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ከሥሩ ይጻፍለታል። ጣጣው ታዲያ «ከየት ተነሣ» የሚለው ላይ ነው። ከሩቅ ያልተነሣ ሰው መድረሱ አይታይለትም። እኔ የተነሣሁት ከአቃቂ ነው፤ የደረስኩት ቦሌ። ሁለት ታክሲ ነው።

የቴክኖሎጂ ማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። እዚህ እንዴት ደረስክ ለሚለኝ ሰው አጭሩ መልስ «ተመድቤ» ነው። ዩኒቨርሲቲ የመደበኝ እንስሳት ሳይንስ ነበር። የላም ጨጓራ በአራት እንደሚከፈል ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ተመርቄ አንድ ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ የፕሪንተር ቀለም እያዞርኩ መሸጥ ጀመርኩ። ቃሊቲ ውስጥ ያላንኳኳሁት መጋዘን፣ ያላባረረኝ ጥበቃ የለም። በዚህ መሀል የጭነት መኪናና ጭነት በስልክ የሚያገናኝ መተግበሪያ የሠራ ድርጅት የማርኬቲንግ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ቃሊቲን ታውቀዋለህ ወይ አለኝ። ጥበቃዎቹ ሁሉ በስሜ ይጠሩኛል አልኩት። ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው፣ የተሳቢ መኪና ሹፌር ናቸው። ጭነት ሲጠብቁ መኪናቸው ጥላ ሥር አግኝቻቸው ግማሽ ቀን ስለ መተግበሪያው አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ስልካቸውን አወጡና ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቆብኛል፣ ማተለቅ ይቻላል ወይ አሉኝ። አተለቅሁላቸው። «እንግዲህ ያንንም ነገርህን ጫነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመኪና ማቆሚያው እየዞርኩ ፊደል አተልቃለሁ፣ መተግበሪያ እጭናለሁ። ዛሬ ማዕረጌ የዲጂታል ማርኬቲንግ ኃላፊ ነው። ሥራው ያው ነው።

አባቴ ይህን ሥራዬን ተረድተውት አያውቁም። እሳቸው ዕድሜያቸውን አቃቂ በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጹ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ሥራ ማለት ሲወድቅ እግር የሚሰብር ነገር ነው። ልጅህ ምን ይሠራል ሲባሉ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ይላሉ። ሁለተኛ ጥያቄ ከተከተለ ሳል ይይዛቸዋል።

በዚህ ሁኔታ ተከባብረን እየኖርን ሳለ ድርጅታችን ቤዛ የምትባል ጸሐፊ ቀጠረ። ጸሐፊ ስል ደብዳቤ የምትመታ ማለቴ አይደለም፤ ለድረ ገጹ ታሪክ የምታዘጋጅ ናት። ጎበዝና ቅን ልጅ ናት፤ ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። የሠራተኞችን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ ታዘዘችና ከእኔ ጀመረች። በልጅነቴ የደረሰብኝን ችግር እንድነግራት ጠየቀችኝ። አሰብኩ። ርቦህ ያውቃል ወይ አለችኝ። ከምሳ በፊት አልኳት። መብራት ነበራችሁ ወይ? ነበረን፤ ይጠፋል እንጂ። ውኃስ? እንደማንኛውም ሰው። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ፊቷን ሳይ፣ ቤቴ የመጣ እንግዳ ምንም ሳይቀምስ ሊሄድ የተነሣ መሰለኝ። ይሉኝታ ክፉ ነው። ባዶ እጇን ልሰዳት አልቻልኩምና «ጫማዬ አንዳንዴ ይቀደድ ነበር» አልኳት። ኳስ ስጫወት መሆኑን ግን አልጨመርኩም።

እስክሪብቶው ተነሣ።

ከሁለት ቀን በኋላ ያሳየችኝ ጽሑፍ የሚጀምረው እንዲህ ነበር፦ «ቤተሰቦቹ ጫማ ሊገዙለት አቅም ስላልነበራቸው በአቃቂ ኮረኮንች መንገድ ላይ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ይመላለስ ነበር።» አነበብኩት። እውነት ለመናገር ለራሴ አዘንኩ። ያ ምስኪን ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ እዚህ መድረሱ አስደነቀኝ። «እንዴት ነው?» ስትለኝ ጥሩ ነው አልኳት። ጥፋቱ እንግዲህ የማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፤ እኔ ፈርጄ ጨርሻለሁ።

ድረ ገጽ ማን ያነባል? እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። የአቃቂው እድራችን ጸሐፊ ያነባል። እሑድ ዕለት የእድሩ ስብሰባ ሲያልቅ ጸሐፊው ተነሥቶ፣ የሠፈራችን ልጆች የት እንደደረሱ እንስማ፣ እንኩራ አለና ስልኩን አውጥቶ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አነበበው። አባቴ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። በግራ በቀኛቸው የተቀመጡት አብረዋቸው ፋብሪካ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሲያልቅ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አንድ የድሮ ባልደረባቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ በፍጹም ቅንነት፣ «ያን ጊዜ ብትነግረን እኮ አዋጥተን እንገዛለት ነበር» አሏቸው።

እናቴ ደወለችልኝ። «አባትህ ምሳ አልበሉም፤ ና» ብላ ዘጋችው። እናቴ ስልክ ስታሳጥር ነገሩ ረጅም ነው። ከምኖርበት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወርጄ አቃቂ ስደርስ አባቴ ጠረጴዛው ላይ የልጅነት ፎቶዎቻችንን በተርታ ደርድረው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀበሉ።

ስለ ፎቶዎቹ ትንሽ ልናገር። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሲከፈት፣ አባቴ እኔንና እህቴን ፎቶ ቤት ይወስዱን ነበር። ፎቶዎቹ ሁሉ ከሩቅ የተነሡ ናቸው። ፊታችን የምስር ፍሬ ታክላለች፤ ማን እኔ ማን እህቴ እንደሆነች የሚለየው በቀሚሱ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ አንሺው ሙያ የጎደለው ሰው ይመስለኝ ነበር።

«ምን ይታይሃል?» አሉኝ አባቴ።

እኔና እህቴ ነን አልኩ።

«ዝቅ በል።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ጫማ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አዲስ ጫማ፣ የተወለወለ፣ ቁልጭ ብሎ የሚታይ። ለካ ፎቶ አንሺውን በየዓመቱ «እግራቸውን እንዳትቆርጥ» የሚሉት እሳቸው ኖረዋል። ጫማው እንዲበረክት አንድ ቁጥር አስበልጠው ገዝተው ጫፉ ላይ ጥጥ እንደሚጠቀጥቁልን አስታወስኩ። ሌላውን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። አባቴ ወደ አቃቂ ሲመጡ ጎረምሳ ነበሩ፤ ጫማ የሚባል ነገር እግራቸው አያውቅም። ፋብሪካ ሊቀጠሩ በሄዱበት ቀን የበሩ ጥበቃ እግራቸውን አየና ማሽን ባለበት በባዶ እግር አይገባም ብሎ መለሳቸው። ከመንገድ ማዶ ቁጭ ብለው ሲውሉ፣ ከሥራ የወጣ አንድ የማያውቁት ሰው የራሱን ጫማ አውልቆ ሰጣቸውና በካልሲው ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ገቡ። ይህን ለእናቴም አልነገሯትም ነበር መሰለኝ፣ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

«ያ ባዶ እግር የኔ ነው» አሉኝ። «ለልጆቼ ያላወረስኩት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አንተ ሄደህ ወሰድከው።»

በማርኬቲንግ ሥልጠና ላይ «አስቸጋሪ ደንበኛን እንዴት እናግባባ» የሚል ትምህርት ወስጃለሁ። አንዱም ትዝ አላለኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ነገ አስጠፋዋለሁ አልኩ። እሳቸው ግን ነገ አብረን እንሄዳለን አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ፎቶዎቹን በፖስታ ይዘው ወጡ። ከቃሊቲ በከተማው ባቡር ሄድን። በመንገዱ ሁሉ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ባቡር ድምፅ የለውም፣ ሲመጣ ማን ያውቃል አሉ። እኔ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ፊት ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ነበር። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ፤ ከዚያ አብልጬ የፈራሁት ግን እዚያ የመስተዋት ሕንፃ ውስጥ አባቴ ላይ ሰው እንዳይስቅ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ የእኔ እኩያ ነው። አባቴን ሲያይ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። አባቴ ፎቶዎቹን በጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሩና የመጡበትን ጉዳይ ድምፃቸውን ሳያነሡ አስረዱ። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና መለሰ። ድርጅቱ ማንንም ለማሳፈር አላሰበም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ሰው ይወደዋል፣ ይህ ማርኬቲንግ ነው አላቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉ አባቴ፣ «ማርኬቲንግ ማለት የሰውን ልጅ ጫማ ማስወለቅ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው ወደ ራሱ እግር አየ። እንደ ዘመኑ ልጆች ነጭ ስኒከር ያለ ካልሲ አድርጓል። አባቴም አብረው አዩና ፊታቸው ለዘብ አለ። በኋላ ስንመለስ፣ ያ ልጅ ደመወዙ አይበቃውም እንዴ፣ ካልሲ እንኳ የለውም ብለው አዝነውለታል።

ቤዛ ከጥግ ተነሣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሁኑኑ አነሣዋለሁ አለች፤ ቀጥላም «አባባ፣ እውነቱን እርስዎ ይንገሩኝ፤ እንዳሉት እጽፈዋለሁ» አለቻቸው። አባቴ ከረባታቸውን አስተካክለው እንደ ምስክር ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ስለ ጥበቃው፣ በካልሲው ስለ ሄደው ሰውዬ፣ መጀመሪያ ስለ ቀረጹት ብረት፣ ከብረቱ የሚፈናጠረው ፍንጣሪ እጃቸው ላይ ስለተወው ጠባሳ። ሠራተኛው አንድ በአንድ ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ ከበባቸው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዘጋ። እኔ ወንበር ስላልደረሰኝ በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ፤ ግማሹን እኔም የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው።

ሲጨርሱ ቤዛ፣ ገጹ የልጅዎ ነውና ስለ እሱስ ምን እንጻፍ ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴ ዞረው አዩኝ። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። ሊያስሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላሳሉም።

«ደህና ነው፤ ይሠራል» አሉ።

ቤዛ ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት። ዛሬ ድረ ገጻችንን የከፈተ ሰው ከላይ የእኔን ስምና እጄን አጣምሬ የተነሣሁትን ፎቶ ያገኛል፤ ከሥሩ የአባቴ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ በመጨረሻዋ መስመር ላይ «ልጃቸው ደህና ነው፤ ይሠራል» ይላል። የእድሩ ጸሐፊ ይህንንም በስብሰባ አንብቦታል። አባቴ ደግመህ አንብበው ብለውታል አሉ።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ትልቅ ድርጅት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ለማርኬቲንግ የሥራ መደብ ሰው እያፈላለጉ መሆኑን ነገረችኝና ስለ ሥራ ልምዴ ትንሽ እንዳጫውታት ጠየቀችኝ። እኔም በኩራት፣ ድረ ገጻችን ላይ ተጽፏል፣ እስኪ ይመልከቱት አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ከፈተችው። ረጅም ጊዜ አነበበች፤ አንድ ሁለት ጊዜ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። መጨረሻው ላይ ደረሰች መሰለኝ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» አለችኝ፤ «ለካ እየሠሩ ነው።»