የቤተሰባችን ራጅ

በየቤተሰቡ አንድ ራጅ አለ። ሆስፒታል ያለውን ማሽን ማለቴ አይደለም፤ እሱስ ጨዋ ነው፣ ሐኪም ሳያዝለት ማንንም አያነሳም። እኔ የምለው ሰው የሆነውን ራጅ ነው። በር ላይ ይቀበልዎታል፣ ከእግር እስከ ራስ ያይዎታል፣ የጨበጠዎትን እጅ ሳይለቅ “ምነው? አሞዎታል እንዴ?” ይላል። ከቤት የወጡት ደህና ሆነው ነበር። እስኪመለሱ ግን ጎንዎን ይወጋዎታል፣ ምላስዎን በመስታወት ያያሉ፣ ለኑዛዜ ምስክር የሚሆን ሰው ማሰብ ይጀምራሉ።

የኛ ቤት ራጅ ታላቅ እህቴ ናት። ክብርት እህቴ ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም ስትቀዳና ስትመረምር ኖራለች። ዶክተር አይደለችም፤ ዶክተሮቹ ግን ኮሪደር ላይ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ።

የአጎታችን ልጅ ሲያገባ “እንኳን ደስ አለህ” ለማለት ተሰልፈን ተራዋ ደረሰና ሙሽራውን አቀፈችው። አንገቱ ላይ ትንሽ ቆየች። እኛ ፍቅር መስሎን ነበር። “እንቅርት ጀምሮሃል፤ ከጫጉላ ስትመለስ ብቅ በል” አለችው። የሙሽራው እናት ክው አሉ።

“በሠርጉ ቀን? ምናለ ነገ ቢነገረው?”

“ነገማ ያብጣል” አለቻቸው።

የሚያናድደው ነገር፣ ልክ ነበረች። ሌላ ቀን ቀይ መብራት ጥሳ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት። መንጃ ፈቃዷን ሲቀበላት ጣቱን ያዘችው። “ጥፍርህ ነጭ ነው። ደምህ አንሷል። በባዶ ሆድህ ነው እዚህ ፀሐይ ላይ የምትገተረው?” ክሱ ተረሳ። በማግስቱ ትራፊኩ ከነሚስቱና ከነአማቱ ላቦራቶሪው በር ላይ ተሰልፎ ተገኘ።

ጎረቤቷ የሆኑ ጡረተኛ መምህርት ሰማዩ ደመና ቢሆንም ጥቁር መነጽር ሳያደርጉ ከግቢ አይወጡም። “ዓይኔን አይታ ጉበቴን ከምታነብብኝ፣ ዕውር ብመስል ይሻለኛል” ብለውኛል።

እኔንማ ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ ሰላምታ ነው የተቀበለችኝ፤ “ምነው ከሳህ?” ወፍሬ ሱሪዬ አልቆለፍ ባለበት ዓመት እንኳ “ይሄ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው፤ ከስሩ ከስተሃል” ብላኛለች። በስልክም “ድምፅህ ከስቷል” ብላኝ ታውቃለች።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ እሑድ እንደ ልማዴ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ። “ደህና ነህ?” አለችኝ። ቀጣዩን ጠበቅኩ። “ግባ እንጂ” አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሌላ ምንም የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ስለቱን ያስገባ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ።

ምክንያት አለኝ። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በአርባ አምስት ዓመቱ ሀንቲንግተን የሚባለው በሽታ ጀመረው፤ ያን ጊዜ ስሙን የሚነግረን ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ጣት ሳያዝዙት ይንቀሳቀሳል፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ቀጥሎ ምላስ ይተሳሰራል፤ በመጨረሻ ሰውየው እዚያው አልጋው ላይ ተኝቶ እያለ ይጠፋል። በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረሱና ያለመድረሱ ዕድል እኩል በእኩል ነው። እኔ አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

እህቴ ከዚህ ነጻ ናት። እናታችን አንድ፣ አባቶቻችን ሁለት ናቸው። አባቴ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አሳደጋት እንጂ ደሙ የለባትም። ዘመድ ሁሉ “አንቺስ ተመስገን በይ” ሲላት ፊቷ ለምን እንደሚጠቁር አይገባኝም ነበር።

በኛ ቤት ዝምታ ፍርድ ነው። አባቴ በታመመበት ዘመን ሁሉ ስለ እጁ አንድም ቀን አልተወራም፤ ባልተወራ ቁጥር እየባሰበት እንደሄደ አውቅ ነበር። ስለዚህ ራጁ ዝም ካለ ያየው ነገር አለ ማለት ነው።

ራሴን መሰለል ጀመርኩ። የሸሚዝ ቁልፍ ስቆልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ። ቢሮ ውስጥ ለጸሐፊዋ ወረቀት ስሰጥ ጫፉ ተርገበገበ፤ እጄ ነው ወይስ ማራገቢያው? ማራገቢያውን አጥፍቼ ወረቀቱን ተቀብዬ ደግሜ ሰጠኋት። “ጋሼ፣ ቅድም ሰጥተውኛል እኮ” አለችኝ፤ አስተያየቷ ለጤናዬ የምትሰጋ ይመስል ነበር። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ባለቤቴ “እሰይ፣ አሮጌው ነው” ብላ መጥረጊያ ልታመጣ ሄደች። እኔ ስብርባሪው መሃል ቆሜ ቀረሁ። እሑድ በመጣ ቁጥር ያው “ደህና ነህ?” ነው፣ ያው መስኮት።

አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ላቦራቶሪው ሄድኩ። ሠራተኞች በሚያርፉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጋዋኗን ወንበሩ ላይ ሰቅላ ብቻዋን ተቀምጣለች።

“እታለም፣ ምን አየሽብኝ?”

“ምን አየሁብህ?”

“እኔኑ ትጠይቂኛለሽ? በር ላይ ያለው ዘበኛ ጠዋት ‘ከንፈርህ ደርቋል፣ ኩላሊትህን ጠብቅ’ እንዳልሽው ነግሮኛል። ለእኔ ግን ይሄን ሁሉ ወር ደህና ነህ፣ ደህና ነህ!”

“ታዲያ ደህና ነህ ማለት ነውር ሆነ?”

“ካንቺ አፍ ሲወጣ ነውር ነው።”

ልትስቅ ጀመረችና ተወችው። ከጠረጴዛው ላይ የተጣለ የምርመራ ወረቀት አንስታ ገለበጠችውና ክብ ሣለች፤ በክቡ ውስጥ ሌላ ትንሽ ክብ።

“ትልቁ ሴል ነው በል። ትንሹ ጂኖቹ የተቀመጡበት ክፍል። አንድ ፕሮቲን አለ፣ ሥራው ጂን ዝም ማሰኘት ነው። ክፉ እንዳይመስልህ። የቆዳ ሴል ተነስቶ ‘እኔም እንደ አንጎል ልሥራ’ ቢል ጉድ ይፈላል፤ አርፈህ ተቀመጥ የሚለው ያስፈልጋል። እሱ ሲጎድልም በሽታ ይመጣል።”

“የአባባስ?”

“አንጎል ውስጥ ግን ይሄው ዝም አሰኚ ከዚህ ክፍል ደጅ መቆየት አለበት።” በትንሹ ክብ ጠርዝ ላይ ነጥብ አደረገች። “እዚህ ጋ ይዞ የሚያስቀረው ሌላ ፕሮቲን አለ። የአባባ ያ ያዢው ነው የተበላሸው። ያዢው ሲለቅ፣ ዝም አሰኚው ዘው ብሎ ይገባና መናገር ያለባቸውን ጂኖች አፍ አፋቸውን ይላል። ሴሎቹን በሕይወት የሚያኖር ነገር የሚሠራውን ጂን ሳይቀር። በሽታው የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው ይላሉ፤ አንዱ ይሄ ነው።”

“ይሄን ሁሉ የት ተማርሽው?”

“እሱ ከሞተ ጀምሮ የተጻፈውን ስከታተል ነው የኖርኩት።”

“አንቺን በማይመለከትሽ ነገር!” አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ለራሴ የተሰማኝ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

“አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ገባሁ። አንድ ሰውዬ አረፋ ተቀብቶ ተቀምጧል፤ አባባ ምላጭ ይዟል። ‘አባባ፣ ጣቶችህ ለምን ይጨፍራሉ?’ አልኩት። ጮክ ብዬ። ሰውዬው ከነአረፋው ተነስቶ ወጣ። ወር ሳይሞላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። አባባ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። እጁን ኪሱ ከተተ፣ በቃ።”

ሱቁ የተዘጋው ማዶ ሌላ ስለተከፈተ ነው እየተባልኩ ነበር ያደግኩት።

“ስለ ጉበቱ፣ ስለ እንቅርቱ፣ ስለ ጥፍሩ የምለፈልፈው ያ የእጅ ነገር እንዳያመልጠኝ ነው” አለች። “አፌ ሥራ ከፈታ እፈራዋለሁ።”

“ታዲያ ከሳህ ማለቱን ለምን ተውሽው?”

“ክሳትም አንዱ ምልክት ነው። አባባ በጀመረው ዕድሜ ላይ ስትደርስ ቃሉን ፈራሁት።”

“ከስቻለሁ?”

“አላውቅም። ካየሁህ እኮ ቆየሁ። በር ስከፍትልህ ጫማህን ነው የማየው።”

ፈርዳብኝ መስሎኝ ያን ሁሉ ጊዜ ራሴን ስሰልል፣ እሷ ለካ ከእኔ ብሳ ፈርታ ዓይኗን ስታሸሽ ኖራለች። “እስኪ አሁን እዪኝ” አልኳት። ቀና አለች። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አንገቴን።

“ኮሌታህ ሰፍቶሃል፣ ወንድምዬ” አለች ቀስ ብላ።

በሽታው ወርዶብኝ እንደሆነ የሚለይ የደም ምርመራ እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አንዴ ካወቁ ወዲያ አላወቅኩም ማለት እንደሌለም እናውቅ ነበር። ከምርመራው በፊት ከምታነጋግረው አማካሪ ጋር ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። “እርግጠኛ ነዎት?” አለችኝ። አይደለሁም አልኳት፤ ባለማወቅ መኖሩ ግን እንዳቃተኝ ነገርኳት። ይህን የምጽፈው ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው። ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ የማየው እጄን ነው።

ደሙን እሷ ካልሆነች ማንም አይቀዳኝም ብዬ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ላስቲኩን አሰረች፣ በጥጥ ጠረገች፣ ሥሩን በጣቷ ፈለገች። የአራስ ሕፃን ክር የምታህል ሥር ስታ የማታውቅ ሴት መርፌውን አነሳችና ቆመች። ጫፉ ይርገበገባል። ክንዴን አየሁት፤ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። የሚንቀጠቀጠው የእሷ እጅ ነበር።

“ሌላ ሰው ልጥራልህ” አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

“ማንንም አትጠሪም።” በሌላው እጄ አንጓዋን ያዝኩላት።

“ልቀቀኝ፣ እወጋሃለሁ።”

“እንድትወጊኝ አይደል እንዴ የመጣሁት?”

በአፍንጫዋ ሳቀች። እንባዋ ጓንቷ ላይ ጠብ አለ። መርፌው ገባ። ደሙ ቱቦውን እስኪሞላ ድረስ አንጓዋን አልለቀቅኩትም፤ ልቀቅም አላለችኝም።