ያደገው ኩላሊቴ

ከአርባ ዓመት በኋላ ሰው ላይ የሚያድገው ቦርጭ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኩላሊትም ያድጋል! የኔ አድጓል። በአልትራሳውንድ አይቼዋለሁ፤ ዝናብ የጠገበ ድንች ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያ አለምነህ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያርሳል። እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። በልጅነታችን የኔን ድርሻ ደርቦ ስላረሰ ነው እኔ የተማርኩት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሲከዱት ተመረመርን፤ ገጠመ። አንዱን ሰጠሁት። ያኔ ማንም አልለመነኝም። ራሴ ነኝ እሺ ያልኩት።

ሐኪሙ ዘመዶቼን ሰብስቦ አስረዳ። አንዱ ሲወጣ ወደ ቀረው ብዙ ደም ይሄዳል፤ ሰውነትም እድገት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል። የቀረው ይፋፋል፤ የጓደኛውን ሥራ ደርቦ ይይዛል። ግን ልብ በሉ፣ አለ፤ አዲስ ማጣሪያ አይወለድም፣ ያሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ናቸው የሚወፍሩት። ይቺን የመጨረሻዋን ማን ሰማት? እኔ ብቻ። ዘመዶቼ «ያድጋል» የምትለዋ ላይ እልል ብለው ነበር።

አያ አለምነህ ዳነ። ሞፈር ጨበጠ። ክኒኑን ግን ዕድሜ ልኩን፣ ጠዋትና ማታ፣ በሰዓቱ መዋጥ ነበረበት። አለዚያ ሰውነቱ የኔን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባቱ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ለመኑት። እሱ ግን ታምሜ ሳለሁ በልቻለሁ፣ አሁን ድኜ ምን ሰበብ አለኝ ብሎ፣ የጠዋቱን ክኒን ወደ ቅዳሴ መልስ አዛወረው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይረሳዋል። ደውዬ ስቆጣ፣ አንተ ከተማ ገብተህ እምነትህ ላልቷል አለኝ።

ፋሲካ ሳይደርስ ኩላሊቱ ሞተ። የኔው ኩላሊት! ቀብር የለው፣ ተዝካር የለው። አሁን ወንድሜ ለእጥበት ባሕር ዳር ይመላለሳል። በየጊዜው ጥላው እየሳሳ የሚሄድ ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ ከነዚያው ዘመዶቼ አራት ሽማግሌዎች ከገጠር መጡብኝ። ፊት ፊት አባ ጥሩነህ፤ የአገሩን የመሬት ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ተቀመጡ ብል፣ የመጣንበትን እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉ። ሚስቴ ወንበር እንደያዘች ቀረች።

«ልጄ፣ ያንተ አድጎ ሁለት አክሏል አሉ።»

«አድጓል አባቴ።»

«እግዜር ይመስገን። ወንድምህ እየሞተብን ነው። እንግዲህ ከመሃል ይከፈልና ግማሹን ስጠው። መሬት እንኳ ለወንድም ይከፈል የለም?»

ሳቄ መጣ። ከዚያ እንባዬ። አደገ እንጂ አልበዛም፤ ቢቆርጡት ሁለታችንም እንሞታለን እያልኩ አስረዳሁ። ታዲያ ሐኪሙ ውሸታም ነዋ፣ አሉ አንዱ። ሌላው አጠገባቸው ለቆሙት አንሾካሾኩ፤ እኔ እንድሰማ አድርገው፦ ወንድሙ እየሞተ ይሰስታል!

ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀ። የሰጠሁትን የማያውቅ ሰው ቢለኝ እኮ አይቆጨኝም ነበር። እነዚህ ግን ስሰጥ እልል ያሉት ናቸው!

«አባቶቼ፣» አልኩ፣ «በየጎናችሁ ሁለት ሁለት ይዛችሁ ነው አንድ የቀረኝን ሰው የምትለምኑት? እስቲ ከእናንተ፣ ወይ ከልጆቻችሁ አንዱ ይመርመር!»

ተያዩ። ከዚያ እሺ ሳልላቸው፣ ተራ በተራ፣ ወንበር እየሳቡ ተቀመጡ።

«የኛማ አላደገም ልጄ» አሉ አባ ጥሩነህ፣ በትሕትና።