ጥርት ያለ ባዶ

ጉራውን የሚነፋ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በምድር ላይ የለም። በደመወዝ የሚነፋ ዘመድ ያለን ግን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አጎቴ፣ ክቡር ነፊው፣ ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ጀሪካን ሲነፋ ሸብቷል።

በአፉ እንዳይመስላችሁ፤ ምንም እንኳ ጉንጩ ቢያስጠረጥረው። የቀለጠው ፕላስቲክ ከማሽኑ እንደ ትኩስ ቱቦ ቁልቁል ይወርዳል። ሞልድ የሚሉት የብረት ቅርጽ ከግራና ከቀኝ መጥቶ ግጥም ይልበታል። ከዚያ አየር ይነፋበታል፤ ቱቦው ተወጥሮ ብረቱ ላይ ይለጠፍና ሲቀዘቅዝ ጀሪካን ሆኖ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ተምሬ አይደለም፤ አብሬው ምሳ በልቼ ነው።

አጎቴ ሰው ቤት ሲገባ ከሰዉ በፊት ከዕቃው ጋር ይተዋወቃል። የዘይቱን ጠርሙስ ገልብጦ ቂጡን ያያል፣ ባልዲውን ኳ ኳ ያደርጋል፣ "ትከሻው ሳስቷል" ብሎ ይፈርዳል። አንዴ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቅ ሄዶ የሽንት መያዣውን ወደ ብርሃን አንስቶ "አቤት ማማር! አንድ እንከን የለውም!" ሲል፣ በሽተኛው ስለ እሱ የተነገረ መስሎት ተነስቶ ተቀመጠ።

በእሱ ቋንቋ ትልቁ ምስጋና "ባዶ" ነው። ውስጡ ጓል የሌለበት፣ ግድግዳው እኩል የሆነ ዕቃ ሲያገኝ "ጥርት ያለ ባዶ!" ይላል፣ ዓይኑ እንባ ሊያቀር እየዳዳው።

ታዲያ የማፈቅራት ልጅ አባት "ዘመዱን ሳላይ ልጄን አልድርም" ሲሉ፣ አባት የለኝምና ዕጣው በአጎቴ ላይ ወደቀ። ሰውዬው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም ይባላል። መንገድ ላይ አስማልሁት።

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ ስለ ጀሪካን ትንፍሽ እንዳትል!"

"ምን በወጣኝ!" አለ ተቀይሞ።

ቃሉንም ጠበቀ። አባትዬው "እስቲ ይንገሩኝ፤ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?" ሲሉት ጉሮሮውን ጠረገና በኩራት፣

"ባዶ ነው!" አለ።

ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"ምን አሉ?"

"ጥርት ያለ ባዶ! ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ።"

"ኧረ ጋሼ!"

"ቆይ አንተ! ወንድሜ፣ ባዶ ያልሆነ ነገር ምን ይይዛል? ይሄ ልጅ የሰጡትን ይይዛል፤ አያፈስም። ወይስ ድፍን ቅል ይሻልዎታል?"

አባትዬው መነጽራቸውን አወለቁ። አለቀልኝ ብዬ በዓይኔ በሩን ስፈልግ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀልድ አያውቁም የተባሉት ሰው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ድፍኖቹንማ አይቻለሁ፤ ከእሱ በፊት ሁለት መጥተውልኛል" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እንግዲህ ባዶውን ከወደድሽው ውሰጂው።" ከዚያ እኔን ረስተው የአጎቴን ኮት ጠርዝ ገልብጠው ስፌቱን ይመረምሩ ጀመር።

ስንወጣ ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ።

"አሳፈርሁህ እንዴ? ሌሊቱን ምን እንደምልልህ ሳስብ ነው ያደርሁት። ከዚያ የተሻለ ቃል አጣሁልህ፣ ልጄ።"

ክንዱን ያዝሁና በረጅሙ መንገድ ወሰድሁት። እስከ ቤቱ ድረስ ስለ ጀሪካን ክዳን አወራልኝ፤ ሲጨርስም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስለ ሥራው ጥያቄ ጠየቅሁት።