የሚያቃጭለው ጣራ

ሰው ጣራውን ቀና ብሎ የሚያየው ሲያፈስበት ነው። እስከዚያ ድረስ ጣራ መኖሩንም ረስቶ ይኖራል። እኔማ የባሰብኝ ነኝ፤ የጣራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ እንኳ ቀና አላልኩም።

ኦክላንድ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ከእኛ በፊት የሌሎች የነበረ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሕንፃ ነው። የተከደነው በቆርቆሮ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ስስ ጥቁር ድንጋይ ነው። ባለፈው ዝናብ መቅደሱ አጠገብ ማፍሰስ ጀመረና ዲያቆኑ ለክብር የሚዘረጋውን ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ለውሃ ዘረጋው። ጥላው ዕድሜ ልኩን አጊጦ ኖሮ ገና ያን ዕለት ሥራ አገኘ።

እኔ ታዲያ ከሳን ሆዜ እየነዳሁ ስመጣ መኪና ውስጥ የተለማመድኩትን ንግግር ለጉባኤው አሰማሁ። በዚህ ዘመን፣ በቴክኖሎጂ መንደር አፍንጫ ሥር፣ ሰው እንዴት አናቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይጸልያል? ይውረድና ሺንግል የሚሉትን የሬንጅ ክዳን እናልብሰው! ተጨበጨበልኝ። የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ብሎ የሚገስጸኝ አንድ ሰው ጠፋ።

ድንጋዩን አፍርሶ የሚጥል ኮንትራክተር አገኘሁና ማክሰኞ ውሉን ሳይን ላደርግለት ተቀጣጠርን። ቄሱ አባታችን ግን ከመፈረምህ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው ብለው፣ ፍራንክ የሚባል አዛውንት የድንጋይ ጣራ ሠሪ ለዚያው ጠዋት አስጠሩ። እሺ አልኩ፤ ሽማግሌ ምን ያመጣል ብዬ።

ፍራንክ መሰላሉን ወጣ፣ ትንሽ መዶሻ መዘዘና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመረ። ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ደህናው ድንጋይ ያቃጭላል፣ የተሰነጠቀው ግን ድው ብሎ ዝም ይላል አለኝ። በልቤ ሳቅኩበት። ወዲያው ግን ሰማሁት። ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ዘመን ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ድንጋይ ጥርት አድርጎ አቃጨለ። ቀጥሎ ያለውም። ከዚያም ቀጥሎ ያለው። ፀጉሬ ቆመ። ገዳም ደጃፍ የሚሰቀለው የድንጋይ ደወል፣ እሱው ራሱ! ይህን ሁሉ ዓመት ለካ ደወል ሥር ቆሜ ነው የጸለይኩት?

የሰማሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። መንገዱን ተሻግሮ የአረጋውያን አፓርትመንት አለ፤ እዚያ የእኛ ምእመናን ብዙ ናቸው። በሥራ ቀን፣ ያለ ሰዓቱ፣ የድንጋይ ደወል ሲደወል የእኛ ሰው ምን ይላል? ምህላ ነዋ! መዓት መጥቷል! እናቶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ አንዳንዶቹም በዎከር እየተደገፉ ግቢውን ሞሉት። ከፊት የመጡት እትዬ ውብነሽ ምን መጣብን ብለው ሳይጠይቁ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሰገዱ። እሑድ እንኳ ግማሻችን ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው የምንገባው፤ ፍራንክ ግን በአንዲት መዶሻ ማክሰኞ ጉባኤ ሠራ።

ምህላ አይደለም፣ ጣራ እየተመረመረ ነው ብዬ ባስረዳቸው ማን ሰምቶኝ! እትዬ ውብነሽ ቀና ብለው ያንን ጥቁር ጣራ አዩትና እንባቸው ወረደ። እግዜር ደወሉን አናታችን ላይ አስቀምጦልን ኖሯል እኮ፣ እኛ ነን ያልሰማነው አሉ። ፍራንክም ከላይ ሆኖ፣ የሞቱት ድንጋዮች መቅደሱ አጠገብ ያሉት ጥቂቶቹ ናቸው፣ እነሱ ብቻ ይለወጡ፣ የቀሩት ገና ብዙ ዘመን ኖረው ሁላችንንም ይቀብሩናል አለ።

ይህን ድንጋይ አውርዱ ያለው ማነው ብለው እትዬ ውብነሽ ጠየቁ። አባታችን ጢማቸውን እያሻሹ ሰማይ ሰማዩን አዩ። እኔ ውሉን ኪሴ ልከት ስጣደፍ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። እትዬ ውብነሽም ወደ መሰላሉ ዞረው፣ ስትወርድ የዚህንም ልጅ ጭንቅላት አንኳኩተህ እይልን አሉት፣ በአማርኛ። ፍራንክ ምንም ሳይገባው ፈገግ ብሎ ኦኬ አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ውሉን ቀድጄ ወደ ሳን ሆዜ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ማንም እንደማያየኝ አረጋገጥኩና ግንባሬን በጣቴ አንኳኳሁ።

ድው ብሎ ዝም አለ።